የባለጋሪው ዳማ

የልጄ የክፍል ኃላፊ ደውላ «ለአምስት ደቂቃ ብቅ ብትዪልኝ» ስትለኝ፣ ፈተና ላይ ኮርጃ ወይም ሰው ደብድባ ይሆናል ብዬ ነበር የሄድኩት። ሁለቱም ይሻለኝ ነበር። መምህርቷ የጠመኔውን አቧራ ከጣቷ እያራገፈች፣ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ምንም አይወጣላትም» አለች። «ግን አጠገቧ የሚቀመጥ ልጅ አጣሁ። ፈረስ ፈረስ ትሸታለች።»

እኔም አስተማሪ ነኝ፤ እዚህ ቢቸና ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ወላጅ አስጠርቼ ስንቱን ጥፋት ዘርዝሬአለሁ፣ እንዲህ ያለ ክስ ግን ሰምቼም አላውቅ። «ኧረ ትታጠባለች» አልኩ። ውሸት አይደለም፣ ትታጠባለች። ጠዋት ሳሙና ሳሙና እየሸተተች ከቤት የወጣች ልጅ ክፍል እስክትገባ ድረስ ፈረስ የምትሸትበትን ምክንያት ግን አሳምሬ አውቀው ነበር። ጋሪው ላይ ከመውጣቷ በፊትም ከወረደች በኋላም ፊቷን ፈረሱ አንገት ላይ ለጥፋ ስለምትቆም ነው። ይህን ለመምህርቷ እንዴት ብዬ ላስረዳ? «አናግራታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ ዝናብ ሲሆን ባጃጆች ጭቃውን ከሩቅ አይተው ይመለሳሉ። ስለዚህ የሰፈሩ እናቶች ተመካክረን ልጆቻችንን ለአንድ ባለጋሪ ሰጠናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ረጋ ብለው ስለሚነዱ ነው የመረጥናቸው። ፈረሳቸው ዳማ፣ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ አለው። ሌሎቹ ልጆች ጋሪው ላይ በመቀመጫ ሲጣሉ የእኔዋ ወደ ፊት ሄዳ ከፈረሱ ጋር ታወራለች። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥር ዓመቷ ነው፣ ዓይናፋር ናት፣ ጓደኛ የላትም። ከፈረስም ጋር ቢሆን ታውራ አልኩ።

ከዚያ ምሳ ዕቃዋ ባዶውን መመለስ ጀመረ። ምግብ ላይ አስቸጋሪ ስለነበረች አልሀምዱሊላህ ብዬ ዝም አልኩ። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሲሰፋባት ነው የጠየቅኋት።

«ዳቦውን ዳማው ይወደዋል» አለችኝ።

«እንቁላሉንስ?»

«እንቁላል አይበላም። እሱን ለባለጋሪው ነው የምሰጣቸው።»

ቀጥሎ የፀጉር ብሩሼ ጠፋ፤ ስፈልግ ስፈልግ ሰንብቼ ቡናማ የፈረስ ፀጉር ተሰግስጎበት ከደብተር ቦርሳዋ አወጣሁት። ቀጥሎ ቫዝሊኔ ተሟጠጠ። ስቆጣት፣ እኔ አጥፊ እሷ ዳኛ የሆነች ይመስል ዓይን ዓይኔን እያየች «ገጣባ አለው» አለች። «ጋሪው ትከሻውን ልጦት ቆስሏል። ገጣባ እንደሚባል ባለጋሪው ናቸው የነገሩኝ። አንቺ አታውቂም?»

ሞጣ ከተማ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት አባቴ ከሱቃቸው መርጠው ለኢድ የላኩልኝ አንድ አረንጓዴ ሻሽ ነበረኝ። ለስላሳ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ነው ያሰርኩት። አንድ ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ከተማሪዎቼ ጋር የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ያ ጋሪ ሲሚንቶ ጭኖ ሲያልፍ፣ አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ያ ሻሽዎ አይደለም?» አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ሻሼ ነው። ታጥፎ ከፈረሱ ትከሻና ከጋሪው ጠፍር መካከል ተሸጉጧል፤ ጫፉ በነፋስ ይውለበለባል። ባለጋሪው ባርኔጣቸውን አንስተው በአክብሮት ሰላምታ ሰጡኝ። እኔ የላክሁላቸው መስሏቸዋል።

ያን ቀን ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። «ለምን ከራስሽ ልብስ አልወሰድሽም?» ብላት «የእኔ ይሻክረዋል» አለች።

ባሌ ነርስ ነው። ጉንደ ወይን ጤና ጣቢያ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ ልጃችን ደግሞ የምታጠፋው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ደውዬ የሆነውን ሁሉ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቁስሉን አስቀድማ በጨው ውኃ እንድታጥበው ንገሪያት። ቅባት ብቻውን ያመረቅዘዋል።» ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ግንቦት ላይ ዳማው ማነከስ ጀመረ። ልጄ በየቀኑ ሪፖርት ታመጣልኛለች፤ ዛሬ ትንሽ ተሽሎታል፣ ዛሬ ብሶበታል፣ ዛሬ እግሩን አንሥቶ ነው የቆመው። ከዚያ አንድ ሰኞ ጋሪው ሳይመጣ ቀረ። ባለጋሪው በስልክ ይቅርታ ጠየቁን፤ ጋሪውን ትተዋል፣ ትልቁ ልጃቸው ባጃጅ ስላስገባ ልጆቹን ጭቃ ቢሆንም እሱ ይወስዳቸዋል።

«ዳማውስ?» አለች ልጄ።

«ገጠር ሄዷል» አልኳት። «እዚያ ሣር እየበላ ያርፋል።»

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ዳማው ግቢያችን ውስጥ ቆሟል።

ግቢያችን እላለሁ እንጂ ግቢው የእኛ አይደለም። ተከራዮች ነን። አከራያችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ የማይውሉ፣ ከሰው ሁሉ ይልቅ ጎመናቸውን የሚወዱ እናት ናቸው። ዳማው አንገቱን የቀበረው እዚያው ጎመን መደብ ውስጥ ነው። እሳቸው መጥረጊያቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው አጠገቡ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ፈረስ ነው፣ እትዬ።»

«ፈረስ መሆኑንማ አየሁ። ጎመኔ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ወደ ልጄ ዞርኩ። የትምህርት ቤት ሹራቧን አውልቃ በእጅጌው አንገቱን አሥራዋለች፤ ሌላውን እጅጌ በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«መነኻሪያው በር ላይ አስፋልቱ መሐል ቆሞ ነበር» አለች። «መኪናዎቹ ጥሩምባ ይነፉበታል፣ እሱ ዝም ብሎ ቆሟል። ገጠር ሄዷል ብለሽኝ ነበር።»

«ገጠር ሄዷል አልሻት?» አሉ አከራያችን። አሁን የሚታዘቡት ፈረሱን ሳይሆን እኔን ነው።

በእኛ ከተሞች ያረጀ የጋሪ ፈረስ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ይፈታና ይለቀቃል። አስፋልት ላይ ይቆማል፤ አንድ ቀን መኪና ወይም ጅብ እስኪጨርሰው ድረስ። ቢቸናም ሞጣም ስንቱን እንዲህ ቆሞ አይቼ አልፌአለሁ። አንዱንም ቆሜ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀንም ቢሆን ልጄ ጎትታ ባታመጣው ኖሮ አልፈው ነበር።

«እስከ ነገ ይደር» አሉ አከራያችን። «ነገ ግን ዓይኔ እንዳያየው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጄን ይዤ ባለጋሪው ቤት ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። በራቸው ላይ ጋሪው ጎማው ወልቆ ግድግዳ ተደግፏል። እሳቸው በረንዳው ላይ ጠፍር እየጠቀለሉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ፈረስዎ እኛ ቤት ነው» አልኩ።

«የእኔ አይደለም። ለቅቄዋለሁ።»

«ለቅቄዋለሁ ማለት ምን ማለት ነው? ያን ያህል ዘመን ሠርቶ አብልቶዎት?»

«አሥራ አንድ ዓመት» አሉ። «አርጅቷል። እግሩም አልድን አለ። የሚወስደው ሰው ለመንኩ፣ አጣሁ። የማበላው የለኝም። ልግደለው ብዬ ደግሞ…» ጠፍሩን ጠበቅ አድርገው ጠቀለሉ። «ዓይኔ ሳያየው የሚሆነው ይሁን ብዬ ነው መነኻሪያው ድረስ የሸኘሁት።»

«ግን ቤቱን ያውቀዋል» አለች ልጄ። «ለምን ወደዚህ አልመጣም?»

ሰውየው ጠፍሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «መጥቶ ነበር» አሉ። «ሁለቴ መጣ። ሁለቴ መለስኩት።»

ልጄ ዞራ ወደ መንገዱ ወጣች። ልቆጣቸው የመጣሁት ሴትዮ «አይዞዎት» ብዬ ስወጣ፣ እየተከተሉ ልጓሙን አመጡልኝ። «ያለ ልጓም እሺ አይላችሁም» አሉ። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

አሁን ፈረስና ልጓም አለኝ። ምን ላድርግ? ያኔ ብልጠት የመሰለኝን ዘዴ ዘየድኩ። አባቴ ሞጣ ውስጥ ከሱቃቸው ጀርባ ሰፊ ጓሮ አላቸው፤ እጠይቃቸዋለሁ፣ አይሆንም ይላሉ፣ እምቢታው ከእኔ ሳይሆን ከአያቷ ይመጣል። እንደማይፈቅዱ እርግጠኛ ነበርኩ። አባቴ በሱቅም በቤትም ሥርዓት የሚወዱ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ልጅ ሳለሁ ካርቶን ውስጥ የደበቅኋትን አንዲት የድመት ግልገል ለዙህር ሶላት ከመነሣታቸው በፊት ከግቢ አስወጥተው ነው ወደ መስጊድ የሄዱት። ሳምንት አልቅሼ ዘወር ብለው አላዩኝም።

«አባባ፣ አንድ የማይሆን ነገር ልጠይቅዎት ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ እምቢ ለማለት እንዲመቻቸው። የጎደለውን ሁሉ አበዛሁት። አርጅቷል አልኩ፣ ቆስሏል አልኩ፣ ይበላል እንጂ አይሠራም አልኩ።

«መልኩስ?» አሉ።

«የማን መልክ?»

«የፈረሱ።»

«ዳማ ነው፣ ቦራ አለው። ግን አባባ፣ ያነክሳል እኮ!»

«የትኛውን እግሩን?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«የኋላ ቀኙን ነው!» ብላ ልጄ ከጎኔ ጮኸችና ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። እኔ ከዚያ በኋላ በነገሩ ውስጥ የለሁበትም። ሁለቱ ሲጨርሱ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የአባቴን ዕቃ ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ በቢቸና ሲያልፍ ፈረሱን እንዲወስድ ተወስኗል። ዓርብ ጠዋት አከራያችንን ለአንድ ቀን እንዲታገሡኝ ልለምን ስወጣ፣ ጎንበስ ብለው የተረፈውን ጎመን እየቀነጠሱ በእጃቸው ያጎርሱታል። «ያው ረግጦ አበላሽቶታል፣ ይብላው» አሉኝ። ለካ ሰው ሁሉ ወገን ለይቶ ኖሯል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ ከገበያው ጀርባ ካለው ከፍ ያለ መሬት ጋር መኪናውን አስጠግተው ዳማውን ሊጭኑ አምስት ወንዶች ታገሉ። ሁለቱ ሳቡ፣ ሦስቱ ገፉ። ዳማው አራት እግሩን ተክሎ አልነቃነቅ አለ። ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል፣ ገበያተኛው ከቦ ይስቃል፣ አንዳንዱ ተማሪዬ ነው። በመጨረሻ ልጄ በመካከላቸው አልፋ መኪናው ላይ ወጣች፤ ጀርባዋን ሰጥታው ዝም ብላ ቆመች። አልጠራችውም። ዳማው ትንሽ አሰበና እያነከሰ ተከትሏት ገባ። «አሁን ውረጂ» አልኳት። አልወርድም አለች፤ ከወረደች እሱም ይወርዳል። እውነቷን ነው። ልጄን ብቻዋን ከፈረስ ጋር አልልካትም፣ ስለዚህ እኔም ወጣሁ። ዲግሪ ያለኝ የሒሳብ መምህርት በጭድ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ፈረስ ማጅራቴ ላይ እየተነፈሰብኝ፣ ከቢቸና ሞጣ ሄድኩ። ገና ሳንርቅ ሽንቱን ጫማዬ ላይ ለቀቀው።

ጉንደ ወይን ስንደርስ፣ ያን ቅዳሜ ተረኛ ሆኖ የቀረው ባሌ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ከጤና ጣቢያው እየሮጠ መጣ። ልጁን ሳመ፣ የፈረሱን እግር አንሥቶ አገላብጦ አየ፣ «ኮቴው ነው፣ አድጎ ተጣሞበታል» አለ። እኔን ቀና ብሎ አየኝና ከኪሱ የአፍ መሸፈኛ ማስክ አውጥቶ ሰጠኝ። እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ሞጣ አባቴ ቆባቸውን እንዳደረጉ የጓሮውን በር ከፍተው ይጠብቁናል። ዕድሜዬን ሙሉ የባዶ ካርቶን ክምር የማውቀው ቦታ ተጠርጎ ጭድ ተነስንሶበታል። ሰላም ያሉት መጀመሪያ ፈረሱን ነው። ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን አዩ፣ ከጆሮው ሥር ቀስ አድርገው አከኩት። «ሃያ ሊሞላው ነው» አሉ። ዳማው ጭንቅላቱን ደረታቸው ላይ ጣለው፤ ነጩ ጀለቢያቸው ላይ የአፉ አረፋ ተለጠፈ። አንዲት ጠብታ ሻይ ስናፈስ ቤቱን የሚያናውጡት አባቴ አላዩትም።

የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ ኮቴውን አስተካከለለት። ማነከሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ገጣባው ግን እየጠገገ መጣ። ትምህርት ሲዘጋ ልጄ ክረምቱን እዚያ ላሳልፍ አለች፤ አባቴም ትቆይ አሉ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። አድርሻት ቢቸና ብቻዬን ተመልሼ በየቀኑ እደውልላት ነበር። ስለ ራሷ ብጠይቃት የምትመልስልኝ ስለ ፈረሱ ነው። አንድ ቀን ግን በመካከል «አያቴ እኮ ልጅ ሆነው ፈረስ ነበራቸው» አለችኝ።

«ማን ነው ያለሽ?»

«እሳቸው ናቸዋ። ከአባታቸው ጋር በሱ ጨርቅ ጭነው ገበያ ለገበያ ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ከቁርአን ትምህርት ሲመለሱ የለም። ተሽጧል። ሦስት ቀን እህል አልበሉም። እናታቸው ደግሞ ትልቅ ሰው ለእንስሳ አያለቅስም ብለው ተቆጧቸው። ስንት ዓመታቸው ነበር መሰለሽ? ስምንት።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ልጃቸው ሆኜ ይህን ሰምቼ አላውቅም። አዘንኩ ማለት እፈልጋለሁ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። መስከረም ሊጠባ ልጄን ልወስድ ስሄድ፣ አባቴ ጓሮ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባልዲ ውስጥ ፉርሽካ ሲያሹ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ የፈረሱን ነገር ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?»

«የትኛውን?»

«የልጅነትዎን።»

እጃቸውን ከባልዲው አላወጡም። «አልጠየቅሽኝማ» አሉ።

«እሷ ጠይቃዎት ነው?»

«እሷማ ያልጠየቀችኝ ምን አለ?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ የላይኛው ጥርሳቸው አንዱ እንደሌለ ያየሁት ያኔ ነው። መቼ እንደወለቀ አላውቅም። ሌላ በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዳማው ሲበላ አብረን አየነው።

በማግስቱ እስከ መነኻሪያው ሸኙን። ፈረሱንም ይዘው። «አባባ፣ ሰው ምን ይላል?» ብላቸው አልሰሙኝም። የሞጣ ነጋዴ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው አንካሳ ፈረስ እየሳቡ በአስፋልቱ ዳር ሲሄዱ ሱቅ ለሱቅ ሰው ብቅ እያለ ያያል። ልጄ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ አንገቷን በመስኮት አወጣች። ጭቃ ላይ እንዳያቆሙት፣ ውኃው እንዳይቀዘቅዝ፣ ቁስሉ ላይ ዝንብ እንዳያርፍበት። አባቴ ለእያንዳንዱ «እሺ» ይላሉ። ረዳቱ በሩን እስኪዘጋ ድረስ «እሺ፣ እሺ» ይሉ ነበር።

ልጄ ከተማው እስኪያልቅ ጠበቀችና ማልቀስ ጀመረች። ከብዙ መንገድ በኋላ «ይሞታል አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «አርጅቷል።»

«መቼ?»

«አላውቅም። አላህ ነው የሚያውቀው።»

በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ እንመጣለን» አለች። እየጠየቀችኝ አልነበረም።

እስካሁን አልሞተም። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣ ከሥራ እንደወጣሁ፣ ያልታረመ የፈተና ወረቀት በፌስታል ተሸክሜ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ቅዳሜ ልብስ የማጥብበት ቀን ነበር፤ አሁን ልብሱ ይከመራል። ልጄ ቦርሳዋን ሐሙስ አዘጋጅታ ታድራለች። ረዳቱ «ሞጣ፣ ሞጣ» ማለት ሲጀምር በሰው እግር መካከል ተሽሎክልካ ትገባና ከመስኮቱ አጠገብ ቦታ ይዛ፣ ቶሎ ግቢ እያለች በእጇ ትጠራኛለች።